ዋት ሲቀንስ ጩኸት ይቀንሳል፦ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ

ከዴስክቶፕ ኮምፒዩተር የሚሰማው የማያቋርጥ ጩኸት ከስሌቱ የሚመጣ ሳይሆን ስሌቱ የፈጠረውን ሙቀት ለማስወጣት ከሚደረገው ጥረት የሚመጣ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያሰላው ቺፕ፣ ራሱ ምንም የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ነገር ግን የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ሙቀቱ በጊዜው ካልተነሣለት መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስም ማሽኑን ያጠፋዋል። ፋን የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። ስለሆነም ጸጥ ያለ ኮምፒዩተር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባው የፋኑን ዓይነት ሳይሆን ፕሮሰሰሩ የሚያመነጨውን የሙቀት መጠን ነው፤ በዚህ ረገድ ከሃያ ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየው መፍትሔ ደግሞ ለላፕቶፕ ተብሎ የተሠራውን ፕሮሰሰር ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር መጠቀም ነው።

ጉዳዩ የአዲስ አበባን ነዋሪ፣ በተለይም ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት በተዘረጋው የከተማዪቱ ምሥራቃዊ ክፍል የሚሠራውን ሰው፣ ከሚታሰበው በላይ ይመለከተዋል። በዚህ አካባቢ በየንግድ ሕንፃው ፎቅ ላይ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ የሒሳብ፣ የትርጉም፣ የሕንፃ ንድፍ፣ የቪዲዮ ቅንብርና የድምፅ ቀረጻ ቢሮዎች ብዙ ናቸው፤ ግድግዳው መስታወት፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ድምፅ የሚውጠው ነገር ስለማያገኝ ከወዲያ ወዲህ እየተንጸባረቀ ይቆያል። በአንድ ክፍል አምስት ስድስት «ሲፒዩ»፣ ማለትም በገበያው አጠራር ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን የያዘው ሣጥን፣ ከተደረደረ ሠራተኛው ከጠዋት እስከ ማታ በማይቋረጥ ጉርምርምታ ውስጥ ይውላል። ጆሮ ስለሚለምደው ብዙዎች እንደ ችግር አይቆጥሩትም፤ ይሁንና ማታ ማሽኖቹ ሲጠፉ የሚሰማው እፎይታ፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳያውቀው ተሸክሞት የዋለ ድካም እንደነበረ ይመሰክራል።

የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ 10 ዴሲቤል የጨመረ ድምፅ ለጆሮ በእጥፍ ገደማ የጎላ ሆኖ ይሰማል። የፋን ጩኸት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ በምሕንድስና በሚታወቀው ግምት መሠረት የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ጩኸቱ በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ፋኑ የሚገፋው የአየር መጠን ግን ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ የሙቀቱን ምንጭ በግማሽ መቀነስ ፋኑ በግማሽ ፍጥነት እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ይህም ማለት ትንሽ የሚመስል የሙቀት ቅነሳ በጆሮ ሲመዘን እጅግ ትልቅ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ጸጥታን በውድ ፋን ለመግዛት መሞከር ብዙ ወጪ አስወጥቶ ትንሽ ውጤት የሚሰጠው፣ ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ የሚያተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሙቀቱ እንዴት ሊቀንስ እንደቻለ ለመረዳት አንድ ቀላል ሕግ ማወቅ ይበቃል። አንድ ቺፕ ሲሠራ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሚሠራበት ፍጥነት ጋር በቀጥታ፣ ከሚሰጠው ቮልቴጅ ጋር ግን በስኩዌር ይጨምራል፤ ማለትም ቮልቴጁ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከፍተኛ ፍጥነት ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚጠይቅ፣ የመጨረሻዋን ፍጥነት ለማግኘት የሚከፈለው ዋት ከሁሉም የከበደ ነው። ለምሳሌ በ1.3 ቮልት በ4.5 ጊጋኸርዝ ፍጥነት የሚሠራ ቺፕ ወደ 0.9 ቮልትና ወደ 2.8 ጊጋኸርዝ ቢወርድ፣ ፍጥነቱ በ38 በመቶ ገደማ ሲቀንስ የሚወስደው ኃይል ግን ከመጀመሪያው 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ይሆናል። አምራቾች ለላፕቶፕ የሚያዘጋጁት ፕሮሰሰር በዚህ ዝቅተኛ ክልል እንዲሠራ የተቃኘ ከመሆኑም በላይ፣ ከተመረቱት ቺፖች መካከል በአነስተኛ ቮልቴጅ ሳይደናቀፉ መሥራት የሚችሉት እየተመረጡ ለዚሁ ይውላሉ። ሥራ በማይኖርበት ጊዜም የማያስፈልገውን የቺፑን ክፍል አንድ በአንድ የማጥፋት ልማድ የዳበረው በባትሪ በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ለሚጻፍበትና ሒሳብ ለሚሠራበት ቢሮ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም የቢሮ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው የሰውን ጣት በመጠበቅ ነው።

የዚህ መፍትሔ ታሪክ የሚጀምረው የፕሮሰሰር አምራቾች በፍጥነት ቁጥር ብቻ በሚፎካከሩበት ዘመን ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣቸው የፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች የሙቀት ልካቸው፣ ማለትም አምራቹ ማቀዝቀዣው ሊያነሣው ይገባል የሚለው የሙቀት መጠን፣ እስከ 115 ዋት ደርሶ ነበር፤ ይኸው ኩባንያ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2003፣ በሃይፋ ባለው ቡድኑ ነድፎ ለላፕቶፕ ያቀረበው ፔንቲየም ኤም ግን 24.5 ዋት ብቻ የነበረ ሲሆን፣ በብዙ ሥራዎች ከትልቁ ወንድሙ እምብዛም ወደኋላ የማይል ነበር። ይህን ያስተዋሉ ሰዎች የላፕቶፑን ቺፕ በዴስክቶፕ ላይ መትከል ፈለጉ፤ ኤኦፐንና ዲኤፍአይ የተባሉት የታይዋን ኩባንያዎች ለዚሁ የሚሆን ማዘርቦርድ ሠሩ፣ አሱስም እ.ኤ.አ. በ2005 የላፕቶፑን ፕሮሰሰር በተራ የፔንቲየም 4 ቦርድ ላይ ለማስቀመጥ የሚያስችል አነስተኛ ማገናኛ ለገበያ አቀረበ። ኢንቴል ራሱም በግንቦት 2004 የፔንቲየም 4ን ቀጣይ ትውልድ ሰርዞ ፊቱን በላፕቶፕ ቡድኑ ወደተነደፈው አቅጣጫ አዞረ፤ በ2006 የወጣው ባለ 65 ዋቱ ኮር 2 ዱዎ የዚያ ውሳኔ ፍሬ ነው። ዛሬ በየቢሮው ያለው ዴስክቶፕ ከላፕቶፕ ዘር የተወለደ ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

ኢትዮጵያም ያለ ፋን የሚሠራ ኮምፒዩተርን ቀድማ የማየት ዕድል ነበራት። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት አማካይነት በሺዎች የሚቆጠሩ «ኤክስኦ» የተባሉ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለአገሪቱ ተማሪዎች ታድለው ነበር። ማሽኑ ኤኤምዲ የሠራው ጂኦድ የተባለ፣ በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠራና እጅግ ጥቂት ኃይል የሚወስድ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራምና በሃርድ ዲስክ ፋንታ 1 ጊጋባይት ፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ነበረው፤ ፋን የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ከማጠፊያዎቹና ከቁልፎቹ በስተቀርም የሚንቀሳቀስ አካል አልነበረውም። ፕሮጀክቱ ትምህርትን በመለወጥ ረገድ የታሰበለትን ያህል አልሄደም፤ ነገር ግን ሙሉ የመማሪያ ክፍል ኮምፒዩተር ተከፍቶ መምህሩ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ማስተማር እንደሚችል የሚያመለክት ነበር፤ ይህ ትምህርት በኋላ በተፈጸሙ ግዢዎች መዘንጋቱ ያሳዝናል።

የአዲስ አበባን ሁኔታ ከሌሎች ከተሞች የሚለየው ዋናው ነገር አየሩ ነው። ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፋን የሚገፋው በይዘት ነው፤ በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት በጅቡቲም ሆነ በቦሌ አንድ ዓይነት ነው፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት በመሆኑ፣ በቦሌ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት የሚያነሣው ሙቀት በአንድ አራተኛ ያንሳል። ጉድለቱን ለማካካስ ፋኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ፈጥኖ መሽከርከር አለበት፤ ቀደም ሲል በተገለጸው ሕግ መሠረትም፣ ስስ አየር ራሱ ድምፅን በመጠኑ የሚያደበዝዝ መሆኑ ታስቦም እንኳ፣ ጩኸቱ በጥቂት ዴሲቤል ከፍ ይላል። በውጭ አገር የሙከራ ክፍል «ጸጥተኛ» የሚል ስም ያተረፈ ማሽን እዚህ ሲመጣ ከተወራለት በላይ የሚጮኸው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሻጩም ማሽኑም አልዋሹም፣ የተለካበት አየር ነው የሚለየው።

ተፈጥሮ በአንድ እጇ የወሰደችውን በሌላው በከፊል መልሳለች። የአዲስ አበባ የቀን ሙቀት በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል የሚዋዥቅ ሲሆን፣ የክፍሉ አየር በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የሚሠራው ፕሮሰሰርም በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል። ከድሬዳዋ ወይም ከሰመራ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ፋን በሌለው ማሽን ላይ ደግሞ የከፍታው ጉዳት ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ሂት ሲንክ የተባለው ባለ ክንፍ የብረት ማቀዝቀዣ ሙቀቱን የሚያስወግደው ወደ ላይ በሚነሣው አየር ብቻ ሳይሆን በጨረር ጭምር ነው፤ ጨረር ደግሞ ለአየር መሳሳት ደንታ የለውም። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ ለአዲስ አበባ የሚሻለው ትልቅ ሙቀት አመንጭቶ በትልቅ ፋን ከሚታገል ማሽን ይልቅ ጥቂት ሙቀት አመንጭቶ በዝግታ ከሚሠራ ማሽን ጋር መሥራት ነው የሚል ነው። በጎሮ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ የተተከሉት ትላልቅ የዳታ ማዕከላት ሙቀትን የሚቋቋሙበት የምሕንድስና አቅም አላቸው፤ በሦስተኛ ፎቅ አንድ ክፍል የተከራየ ተርጓሚ ግን ያለው አቅም ምርጫው ብቻ ነው።

ከፍታ የሚነካው ሌላም ነገር አለ፤ ይህም ብዙ ገዢዎች የማያነቡት ጽሑፍ ነው። ማሽኑን ከመስመር ኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኘው ቻርጀር ሲገለበጥ፣ በጀርባው ከተለጠፈው ደቃቅ ጽሑፍ መካከል አንዳንዴ ተራራ የሚመስል ትንሽ ምልክትና ከሥሩ «2000» የሚል ቁጥር ይታያል። ይህ በቻይና የደኅንነት ደንብ የተደነገገ ምልክት ሲሆን፣ ዕቃው የተመረመረው ከ2,000 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታ ብቻ መሆኑን ያስታውቃል። ምክንያቱ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ አየር ሲሳሳ በሁለት ባዶ ሽቦዎች መካከል ኤሌክትሪክ ዘሎ እንዳያልፍ የሚከለክለው አቅሙም ስለሚቀንስ፣ በከፍታ ቦታ የሚሠራ ዕቃ በውስጡ ሰፋ ያለ ክፍተት ያስፈልገዋል። ምልክቱ ያለበት ቻርጀር አዲስ አበባ ሲደርስ ወዲያው ይቃጠላል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለ5,000 ሜትር የተመረመረና የታወቀ ስም ያለው ቻርጀር በተመሳሳይ መደርደሪያ ላይ እያለ ሌላውን መግዛት ተገቢ አይሆንም።

ማሽኑን ለማግኘት ያሉት መንገዶች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሚኒ ፒሲ የተባለውን፣ ከመጽሐፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ በውስጡ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የተበየደበት ሣጥን መግዛት ነው። ኢንቴል «ኤንዩሲ» በሚል ስም ይህን ዓይነት ማሽን እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ሲሸጥ ቆይቶ በ2023 ሥራውን ለአሱስ ያስተላለፈ ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚመረተው በቻይና ኩባንያዎች ነው። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለሒሳብ ሥራ በ2023 መጀመሪያ የወጣውና የሙቀት ልኩ 6 ዋት ብቻ የሆነው ኢንቴል ኤን 100 በቂ ነው፤ ፋን በሌለው ሣጥን የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የሚመጡት የዴል፣ የሌኖቮና የኤችፒ ትንንሽ ዴስክቶፖች ከእነዚህ ጋር ቢመሳሰሉም በአብዛኛው የያዙት 35 ዋት ልክ ያለው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ከተለመደው 65 ዋት እጅግ ይሻላሉ።

ሁለተኛው መንገድ ለአዲስ አበባ ከሁሉም የቀረበ ነው። በመገናኛ ዘፍመሽ ግራንድ ሞልና በዙሪያው ባሉ ሕንፃዎች፣ እንዲሁም በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በሚገኙ የላፕቶፕ ሱቆችና ጥገና ቤቶች ውስጥ ስክሪኑ የተሰበረ፣ ማጠፊያው የተነቀለ ወይም ኪቦርዱ የማይሠራ፣ ማዘርቦርዱ ግን ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ አይጠፋም። ይህ ማሽን ከሞኒተር፣ ከኪቦርድና ከማውዝ ጋር ሲገናኝ ሙሉ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይሆናል። በዚህ ረገድ ስምንተኛ ትውልድ ተብለው የሚታወቁት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኮር አይ 5-8250ዩ አራት ኮር ይዞ የሙቀት ልኩ 15 ዋት ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ለዴስክቶፕ የወጣው ኮር አይ 5-8400 ስድስት ኮር ይዞ 65 ዋት ነበር። ዊንዶውስ 11 የሚቀበለውም ከዚህ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ ይህ ነጥብ ችላ የሚባል አይደለም። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ሳይዘገይ መውጣት አለበት፤ ያበጠ የሊቲየም ባትሪ የእሳት አደጋ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ ሲሠሩ ፍጥነታቸውን የሚቀንሱ በመሆኑም ከመግዛት በፊት በዚያው ሁኔታ መሞከር ይገባል። ሦስተኛው መንገድ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የተበየደበትን የዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ከውጭ ማስመጣት ሲሆን፣ እሱ ግን ዕቃ ማፈላለግ ለሚወድ ሰው ካልሆነ በቀር አይመከርም። ፕሮሰሰሩን ብቻ ነቅሎ ወደ ሌላ ቦርድ ማዛወር እንደማይቻልም መታወቅ አለበት፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2013 ካወጣው አራተኛው ትውልድ በኋላ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በሶኬት መሰካታቸው ቀርቶ በቦርዱ ላይ በቀጥታ ይበየዳሉ።

በእጅ የገባው ማሽን ጸጥ ካላለ፣ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው ከማለት በፊት ከፍቶ ማየት ይጠቅማል። የላፕቶፕ ማቀዝቀዣ ሲከፈት ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚነሣ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ይታያል፤ ቱቦው ጫፉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎችን ይዟል፣ ከክንፎቹ አጠገብም ፋኑ ተቀምጧል። በአገልግሎት በቆየ ማሽን ላይ በፋኑና በክንፎቹ መካከል ወፍራም ግራጫ የአቧራ ንጣፍ ተጋግሮ ይገኛል፤ ከውጭ ሲታይ ፋኑ ንጹሕ ስለሚመስል ካልተነቀለ በቀር አይገኝም። በበጋ ወራት፣ በተለይም የመንገድና የኮሪደር ልማት ግንባታ ባለባቸው ሰፈሮች፣ ይህ ንጣፍ ቶሎ ይፈጠራል። እሱን ማንሣት፣ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለውን የደረቀ ቴርማል ፔስት፣ ማለትም ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ጠርጎ በአዲስ መተካት፣ ከዚያም ሃርድ ዲስኩን የሚንቀሳቀስ አካል በሌለው ኤስኤስዲ መለወጥ አብዛኛውን ጩኸት ያጠፋል። የቀረው በቅንብር የሚስተካከል ነው፤ አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች 15 ዋት ተብለው ቢሸጡም ለአጭር ጊዜ ከዚያ ብዙ እጥፍ እንዲወስዱ የተፈቀደላቸው ናቸው፤ ለምሳሌ ኮር አይ 5-1235ዩ እስከ 55 ዋት ሊደርስ ይችላል። ፋኑ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ብድግ ብሎ የሚጮኸው ከዚህ የተነሣ ስለሆነ፣ በባዮስ ወይም በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ይህን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ የሥራውን ፍጥነት እምብዛም ሳይጎዳ ጸጥታውን ይመልሳል።

ዝቅተኛ ዋት ከጸጥታው ሌላ የሚሰጠው ጥቅም መብራት ሲጠፋ ይታያል። በቢሮዎች የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ በውስጡ የሚይዘው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ኃይል ያከማቻል። ከዚህ ግማሹ ብቻ ለሥራ ቢውል እንኳ፣ 80 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያገኝ 15 ዋት የሚወስደው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ያገኛል፤ ዩፒኤሱ ራሱ የሚበላው ተቀንሶ ጊዜው ቢያጥርም ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ይቀራል። ጤነኛ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ዩፒኤሱን በውስጡ ይዞ የሚመጣ ነው።

ይህ መፍትሔ ለሁሉም ሥራ አይሆንም። ለሕንፃ ንድፍ ምስል የሚያቀናብር፣ አኒሜሽን የሚሠራ ወይም ረጅም ቪዲዮ በየቀኑ የሚያወጣ ባለሙያ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ለሰዓታት በሙሉ ኃይል ስለሚሠሩ፣ በ15 ዋት ማሽን ላይ ጊዜውን ያባክናል፤ ለእሱ የሚሻለው ትልቁን ማሽን በሌላ ክፍል አስቀምጦ በረጅም ገመድ ወይም በኔትወርክ መሥራት ነው። ፋን የሌለው ማሽን ሲጠጉት አንዳንዴ ከቦርዱ ኮይሎች የሚወጣ ቀጭን ሲርታ ይሰማል፤ ቀደም ሲል በፋኑ ጩኸት ተሸፍኖ የነበረ በመሆኑ ለድምፅ ቀራጭ አዲስ ችግር ሊሆን ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት ጆሮን አስጠግቶ መስማት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ከግለሰብ ምርጫ አልፎ የመንግሥትና የትምህርት ቤት ግዢን የሚመለከት እየሆነ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተርም መሰጠት ጀምሯል፤ ይህም ብዙ ተማሪዎች በብዙ ኮምፒዩተሮች መካከል ተቀምጠው በጥሞና የሚያስቡበት አዳራሽ ፈጥሯል። እኩል ድምፅ ያላቸው ሁለት ማሽኖች አንድ ላይ ሲሠሩ ድምፁ በ3 ዴሲቤል፣ አሥር ሲሆኑ በ10፣ አርባ ሲሆኑ በ16 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ለብቻው ሲሰማ 30 ዴሲቤል የማይበልጥ፣ ማንም የማያማርርበት ማሽን አርባ ሆኖ ሲደረደር ወደ 46 ዴሲቤል ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመማሪያ ክፍል ያስቀመጠው ጣሪያ 35 ዴሲቤል ነው። በጨረታ ሰነዶች ላይ የተለመደው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት፣ የራሙንና የዲስኩን መጠን መዘርዘር ሲሆን፣ ትላልቆቹ አምራቾች ግን አይኤስኦ 7779 በተባለው መለኪያ መሠረት የየማሽናቸውን የድምፅ መጠን ለክተው ያሳውቃሉ። በሰነዱ ላይ ሦስት መስመር፣ አንዱን ለፕሮሰሰሩ የዋት ጣሪያ፣ አንዱን ለዚህ የድምፅ መጠን፣ አንዱን ደግሞ ማሽኑም ቻርጀሩም ከ2,400 ሜትር በላይ ለሆነ ከፍታ የተመረመሩ ስለመሆናቸው፣ መጨመር ገዢው መሥሪያ ቤት ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።